በብርድ ወራት የዓሣ ማጥመድ ውድድር ስለሚበተነው መኖ፤ በአስተማሪ ጽሑፎች ላይ የቀረበ ሂስ

በእንግሊዝ አገር በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ለምግብ ሲባል ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ ሕግና ዳኛ ያለው ውድድር ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአገሪቱ የአጥማጆች ፌዴሬሽን በ1903 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ብሔራዊው ውድድርም በ1906 ዓ.ም. ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተወዳዳሪዎቹ በወንዝ ወይም በቦይ ዳር በዕጣ በደረሳቸው ቦታ ይሰለፋሉ፤ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ሰዓቱ ሲያበቃ እያንዳንዱ የያዘው ዓሣ ይመዘንና ከነሕይወቱ ወደ ውሃው ይመለሳል። በክብደት የበለጠው አሸናፊ ይባላል። ስለዚህም የአጥማጁ ሐሳብ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም በዚያች ጠባብ ቦታና በዚያ አጭር ሰዓት ዓሣውን ወደ መንጠቆዬ እንዴት ላምጣው የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ዋነኛው እንግሊዞች ግራውንድቤይት የሚሉት ነገር ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ብትን መኖ ብለን እንጠራዋለን። ብትን መኖ በመንጠቆ ላይ ከሚሰካው ምግብ የተለየ ነው። የዳቦ ፍርፋሪና የተፈጨ እህል ከሌላም ነገር ጋር ተደባልቆ፥ በውሃ ተለውሶና በእጅ ተድቦልቡሎ ወደ ውሃው ይጣላል፤ ዓላማውም ዓሣውን ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብና በዚያው ማቆየት ነው። በአገራችን የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ውሃ የሚጨመርበትን ልማድ የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን እንዳያምታታ እናሳስባለን። ብርብራ ዓሣውን አደንዝዞ ያስይዛል፤ ብትን መኖ ግን ይጠራል እንጂ አያደነዝዝም። የተጠራው ዓሣ ለመምጣትም ላለመምጣትም፥ ከመጣም በኋላ ለመብላትም ላለመብላትም የራሱ ፈቃድ አለው። የክርክራችን መሠረት ይህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዓሣ ማጥመድን ማስተማር አይደለም። በብርድ ወራት ስለሚበተነው መኖ የሚጻፉትን የአስተማሪ ጽሑፎች እንደ ማንኛውም የዕውቀት ጽሑፍ ቈጥረን፥ ምን ያስተምራሉ፥ ማስረጃቸውስ ምንድን ነው ብለን ልንመረምራቸው ነው። «ክረምት» ሳንል «የብርድ ወራት» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ነው፤ የእነርሱ ግን ውሃው የሚቀዘቅዝበት፥ አንዳንድ ጊዜም በላዩ ላይ የሚረጋበት ጊዜ ነው። በእንግሊዝ ወንዞች ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ድረስ እነዚህን የውድድር ዓሦች ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ከዲሴምበር እስከ ማርች አጋማሽ ያለው የብርድ ጊዜ የወንዝ ውድድር ዓመት የመጨረሻው ክፍል ነው።

ሀ. የቀድሞው ምሳሌ

ስለ ብትን መኖ ከተጻፉት የእንግሊዝኛ ትምህርቶች በሰፊው የታወቀው በአይዛክ ዎልተን መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ዎልተን (1593–1683) «ዘ ኮምፕሊት አንግለር» የተባለውን መጽሐፉን በ1653 ዓ.ም. አሳተመ፤ ከዚያም በሕይወት ሳለ እያስፋፋ ደጋግሞ አሳትሞታል። መጽሐፉ የተጻፈው በአስተማሪና በተማሪ ንግግር መልክ ነው። ብሪም ስለሚባለው ዓሣ በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ የተሰጠው የብትን መኖ መመሪያ ለእኛ አገር አንባቢ ባዕድ አይሆንም፤ መሠረቱ የገብስ ብቅል ነውና። ሻካራ ሆኖ የተፈጨ ብቅል አንድ ፔክ ወይም አንድ ፔክ ተኩል (አንድ ፔክ 9 ሊትር ያህል ነው) በጥቂቱ ይፈላል፤ በከረጢት ተጠልሎ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፤ ከማታው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ወንዙ ይወሰዳል፤ ከዚያም በሁለት እጅ ጠበቅ ተደርጎ እየተጨመቀ ይጣላል። ተጠልሎ የሚወጣውን ፈሳሽ ፈረሱ እንደሚጠጣውና እንደሚስማማው ትምህርቱን የሚሰጠው ሰው ሳይጠቅስ አላለፈም። አጥማጁ ወደ ቦታው የሚመለሰው በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ነው።

ይህን ክፍል በሦስት ነገር እናመሰግነዋለን። አንደኛ፥ ጊዜውን ይወስናል። ብሪምን ለማጥመድ የተሻለው ወቅት ከቅዱስ ያዕቆብ በዓል እስከ ቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል፥ ይኸውም ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 24 መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ያ ሁሉ ብቅል የሚጣለው ውሃው በሞቀበት፥ ዓሣውም አጥብቆ በሚበላበት ወቅት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሁለተኛ፥ አሠራሩን ከነምክንያቱ ይሰጣል። መኖው የሚጨመቀው ቶሎ ወደ ወለሉ እንዲሰምጥና በዚያው እንዲያርፍ ነው፤ ውሃው የሚፈስ ከሆነ ደግሞ መንጠቆው ከሚያርፍበት ቦታ ወደ ላይኛው ወገን ራቅ ተደርጎ ይጣላል። ሦስተኛ፥ መኖው የማይፈለገውን እንግዳ ጭምር እንደሚጠራ አይደብቅም። ብሪም ወደ ተሰበሰበበት ቦታ ብሪምን የሚበላው ፓይክ ይመጣል፤ አጥማጁም አስቀድሞ እርሱን ማስወገድ እንዳለበት ይነገረዋል።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ውስጥ ልኬቱ ከወቅቱ፥ ከአሠራሩና ከጉዳቱ ጋር ተያይዞ ተነግሯል። ዛሬ በሚጻፉት ብዙ ትምህርቶች የጎደለውም ይህ መያያዝ ነው።

ለ. የዛሬው የልኬት ጽሑፍ

ዛሬ በአጥማጆች መጽሔቶችና መማሪያዎች ውስጥ የሚገኘው የተለመደ ጽሑፍ መልኩ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ የአንድ አሸናፊ ስም ይነገራል፤ ቀጥሎ የያዘው ዓሣ ክብደት ይጻፋል፤ ከዚያም የተጠቀመበት ቅልቅል እንደ ወጥ ቤት ትእዛዝ ይዘረዘራል፤ ይህን ያህል ቡናማ የዳቦ ፍርፋሪ፥ ይህን ያህል የተፈጨ ዘር፥ ይህን ያህል ጥቁር አፈር፥ በላዩም ጥቂት ቀይ የውሃ ትል። ብዙ ጊዜም የቅልቅሉ ከረጢት በየትኛው ፋብሪካ እንደ ተሠራ ይታከልበታል፤ ከታወቁት ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካዎች ድጋፍ የሚያገኙ ናቸውና።

ዝርዝሩ ሐሰት ነው አንልም። እንዲያውም ለብርድ ወራት የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ትክክለኛ ነው። ቅልቅሉ ጥቁር ይሁን ይባላል፤ በቀጭን ወንፊት ሁለት ጊዜ ይነፋ ይባላል፤ ከዋዜማው ተለውሶ ውሃ ይጥገብ ይባላል፤ የምግቡ መጠን ያንስ ዘንድ አፈር ይጨመርበት ይባላል። ጥፋቱ ያለው ለምን እንደ ሆነ ሳይነገር መቅረቱ ነው። ምክንያቱን ያልተማረ አጥማጅ ሁኔታው በተለወጠ ጊዜ ዝርዝሩን እንዴት እንደሚለውጥ አያውቅም። ስለዚህ ምክንያቱን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር አስተያይተን በአጭሩ እናቅርብ።

ሐ. ብርድና ዓሣ

የዓሣ ሰውነት ሙቀት የውሃውን ሙቀት የሚከተል ነው። በሙቀት ወራት 18 ወይም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው የእንግሊዝ ወንዝ በጃንዋሪ ወደ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። የውሃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የዓሣው የሰውነት ሥራ በግምት ወደ እኩሌታ፥ ወይም ከዚያም ወዳነሰ ይወርዳል። ሆዱ የያዘውን ምግብ ለመፍጨት ረዥም ጊዜ ይፈልጋል፤ እንቅስቃሴውም ዝግ ይላል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ብዙ ምግብ የሚጠራው ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቂት ጕርሻ ያጠግበዋል፤ የጠገበ ዓሣ ደግሞ በመንጠቆ ላይ ያለውን አይሻም። ወደ ውሃ የተጣለውን መኖ መልሶ ማውጣት አይቻልም። በሙቀት ወራት የበዛውን መኖ ዓሣው በልቶ ስሕተቱን ያርመዋል፤ በብርድ ወራት ግን መኖው በወለሉ ላይ እንደ ተቀመጠ ይውላል፤ የሚያርመውም አያገኝም።

አፈር የሚጨመርበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል። አፈር ክብደትና ብዛት ይሰጣል እንጂ አያጠግብም። መኖው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ በዚያ ይፈርሳል፤ በውስጡ ያሉት ጥቂት ትሎች ይታያሉ፤ ዓሣው ይመጣል፥ ይፈልጋል፥ ነገር ግን አይጠግብም። ቀዩ የውሃ ትል የማትናከስ ትንኝ እጭ ሲሆን በብርድ ወራትም በወለሉ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ ለዓሣው እንግዳ ምግብ አይደለም።

የጥቁርነቱም ምክንያት እንዲሁ ግልጽ ነው። በብርድ ወራት በውሃው ውስጥ የሚበቅሉት ረቂቅ አረንጓዴ ነገሮች ስለሚቀንሱ ውሃው ይጠራል፤ መጠለያ የነበረው ሣርም ይሞታል። በነጣ ወለል ላይ የቆመ ዓሣ ለፓይክና ለዓሣ በል ወፍ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ነጭ መኖ የተነጠፈበትን ቦታ ይሸሻል። ዎልተን ስለ ፓይክ ያስተማረው ትምህርት በዚህ በሌላ መልክ ይመለሳል። ነገር ግን ጥቁርነትን ሕግ አድርጎ መያዝም ስሕተት ነው። ደፍርሶ በሚፈስ ወንዝ የጥቁሩ ጥቅም ያንሳል፤ ሮች የሚባለውን ዓሣ በቦይ ውስጥ ሲያጠምዱ ደግሞ እጅግ ደቅቆ የተፈጨ ነጭ ዳቦ በጥቂቱ እየተበተነ መልካም ውጤት የሚያስገኝበት ጊዜ አለ፤ በመንጠቆው ላይም ከዚያው ዳቦ የተቈረጠች ትንሽ ክብ ትሰካለች።

ከዋዜማው መለወሱና በወንፊት መነፋቱ የመኖው ቅንጣት ሁሉ ውሃ ጠጥቶ በወለሉ እንዲረጋ ነው። ደረቅ ቅንጣት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዓሣውንም ከመንጠቆው በላይ ያስነሣዋል። ይህ በሙቀት ወራት ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ በብርድ ወራት ግን ዓሣው ወደ ወለሉ ተጠግቶ ስለሚውል ይጎዳል። ለዚህም ከባሕርየ ውሃ የተገኘ ምክንያት አለ። ውሃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ በጥልቅ ሐይቅ ላይኛው ውሃ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ በወለሉ ያለው ወደ 4 ዲግሪ ተጠግቶ ይቆያል፤ ዓሣውም ወደዚያ ያዘነብላል። በዚህ ረገድ ሪቻርድ ዎከር በ1953 ዓ.ም. ባሳተመው «ስቲል ዎተር አንግሊንግ» በተባለው መጽሐፉ ለውሃ ሙቀት የሰጠው ግምት የሚያስመሰግን ነው። ቴርሞሜትር ከቅልቅሉ ዝርዝር በፊት ሊቀድም ይገባዋልና።

መ. የማስረጃው ጉድለት

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታችን እንደርሳለን። ጽሑፎቹ «ብትን መኖው ይህን ያህል ዓሣ አስያዘ» ሲሉ ማስረጃቸው አሸናፊው ተጠቅሞበታል የሚል ብቻ ነው። ይህ ማስረጃ ይበቃልን?

እንደሚመስለን አይበቃም። በዚያው ወንዝ ዳር በዚያው ቀን መጨረሻ የወጣውም ሰው ያንኑ ከረጢት ከፍቶ፥ ያንኑ ልኬት ጠብቆ ሊሆን ይችላል። የእርሱን ነገር ግን የሚጽፍለት የለም። አሸናፊዎች ብቻ ከተጠየቁ፥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቅልቅል ሁልጊዜ የአሸናፊዎች ቅልቅል ሆኖ መታየቱ የማይቀር ነው። ከመቶ ተወዳዳሪዎች ዘጠናው አንድ ዓይነት መኖ ይዘው ቢመጡ፥ መኖው ምንም ጥቅም ባይኖረው እንኳ አሸናፊው ከዘጠናዎቹ አንዱ ሊሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

በብርድ ወራት ይህ ጉድለት የበለጠ ይከፋል። ዓሣው በዚያን ጊዜ በወንዙ ሁሉ ተበትኖ አይኖርም፤ በጥቂት ቦታ ተጨናንቆ ይሰበሰባል። አንዱ ተወዳዳሪ በዕጣው ዓሣ በሞላበት ቦታ ይቀመጣል፤ ጐረቤቱ ባዶ ውሃ ይደርሰዋል። በባዶው ውሃ የተቀመጠው ሰው የመኖ ጥበብ ምን ያህል ይረዳዋል? በሙቀት ወራት ዓሣው ከሩቅ ሊጠራ ይችላል፤ በ5 ዲግሪ ውሃ ግን ከሩቅ የሚመጣው ጥቂት ነው።

የሚያስገርመው የውድድሩ ሕግ ራሱ ይህን የሚያውቅ መሆኑ ነው። ቦታ በዕጣ የሚታደለው ቦታ ከቦታ ስለሚበልጥ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ ዳርቻው በክፍል ተከፍሎ፥ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በክፍሉ ውስጥ ባገኘው ተራ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ክብደት ብቻ ቢቈጠር መልካም ቦታ የደረሰው ያለ ድካም ያሸንፍ ነበርና። እንግዲህ ዳኞቹ በሕግ የተቀበሉትን እውነት ጸሐፊዎቹ በትምህርታቸው ይረሱታል።

ከዚህ የተነሣ «መኖው ከንቱ ነው፤ ሁሉም ዕድል ነው» የሚል ካለ ግን ከእርሱም ጋር አንስማማም። የዓለም ውድድር ዝርዝር ይህን ይቃወማል። ፈረንሳዊው ሮቤር ቴስ በ1959፥ በ1960 እና በ1965 ዓ.ም. አሸንፏል፤ እንግሊዛዊው ቦብ ነድ አራት ጊዜ፥ አለን ስኮትሆርን ደግሞ ከ1996 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ አሸንፈዋል። የዓለም ውድድር በብርድ ወራት የሚደረግ ባይሆንም ለክርክራችን ይጠቅማል። ሁሉም ዕድል ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በልዩ ልዩ አገር ውሃ እንዲህ ደጋግሞ ባላሸነፈ ነበር። ሁሉም ልኬት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ልኬቱ በጽሑፍ ከወጣ በኋላ ያነበበው ሁሉ አሸናፊ በሆነ ነበር። ከሁለቱም መካከል የሚቀረው ያልተጻፈው ነገር፥ ማለት ማስተዋል ነው፤ መቼ እንደሚጣል፥ ስንት እንደሚጣል፥ ከሁሉም በላይ መቼ እጅ እንደሚሰበሰብ ማወቅ ነው።

ሠ. ስለ ሌላው ወገን

የጸሐፊዎቹ ወገን ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፥ በሰፊ ወንዝና በጥልቅ ቦይ በብርድ ወራትም ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ ብዙ ድቡልቡል ጥሎ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ውጤት ያስገኛል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደንብ ሲመረመር የእኛኑ ሐሳብ ያጸናል። የሚጣለው ብዛቱ አፈር፥ ምግቡ ጥቂት ነውና። ብዛትና ምግብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያላስረዳ ጽሑፍ ጀማሪውን ያሳስተዋል፤ እርሱም አፈሩን ትቶ ፍርፋሪውን ያበዛል።

ሁለተኛው መልስ አጥማጅ ሳይንቲስት አይደለም፥ በውድድር መካከል ምርምር ሊያደርግ አይችልም የሚል ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጥማጆች ሳያስቡት ምርምሩን ያደርጉታል የሚል ነው። ልምድ ያለው ተወዳዳሪ በዕጣ በደረሰው ቦታ ፊት ለፊት ሁለት መሥመር ይይዛል፤ በአንደኛው ብትን መኖ ይጥላል፥ በሁለተኛው ጥቂት የዝንብ ትል ብቻ ይበትናል፤ መንጠቆውንም በየተራ በሁለቱ ላይ ያሳርፋል። ሰውየው አንድ፥ ውሃው አንድ፥ ሰዓቱም አንድ ስለ ሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተያያ በወንዝ ዳር አይገኝም። ውጤቱ በየውድድሩ ቢመዘገብ ከአንድ አሸናፊ ምስክርነት ይልቅ ብዙ ባስተማረን ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን የሚነግሩን ዓሣ ስላስያዘው መሥመር ብቻ ነው።

ስለ ውሃውም አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። ያልተበላ መኖ በወለሉ ላይ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ኦክሲጅን ይወስዳል፤ ፎስፎረስም ለውሃው ይሰጣል። በትንሽና በማይፈስ ውሃ የብዙ ሰው መኖ በየሳምንቱ ቢከማች ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የመኖን መጠን በሕግ የሚወስኑ ወይም ፈጽሞ የሚከለክሉ ቦታዎች ያሉትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። «ጨምር» የሚለው ትምህርት እንግዲህ የሚጎዳው ጀማሪውን ብቻ አይደለም።

ማጠቃለያ

በአጭሩ ፍርዳችን ይህ ነው። በብርድ ወራት ብትን መኖ ዓሣ ያበዛል የሚለው ትምህርት እውነት የሚሆነው መኖው እንዲጠራ እንጂ እንዲያጠግብ ሳይደረግ ሲሰጥ፥ ዓሣውም አስቀድሞ በአቅራቢያው ሲኖር ነው። ይህን ሁኔታ ሳይናገሩ ልኬቱን ብቻ የሚሰጡ ጽሑፎች፥ ልኬታቸው ትክክል ቢሆን እንኳ፥ ትምህርታቸው ጐደሎ ነው። በ1653 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ የተጀመረው ትምህርት ወቅቱንና ጉዳቱን ለመናገር ቦታ ካገኘ፥ የዛሬው ጸሐፊ ቦታ ጠበበኝ ሊል አይችልም።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ የምናተርፈው ነገር አለ። ስለ እርሻም፥ ስለ ጤናም፥ ስለ ትምህርት አሰጣጥም ከሌላ አገር የሚመጡልን መጻሕፍት ብዙዎቹ በዚሁ በልኬት መልክ የተጻፉ ናቸው፤ በአንድ ቦታ የተሳካውን ዘርዝረው ያልተሳካበትን ይተዋሉ። ስለዚህ ከአስተማሪ ጸሐፊ ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ሐሳብ እናቀርባለን። ሥራው የተሠራበት ሁኔታ ምን ነበር? በወንዙ ከሆነ የውሃው ሙቀት ስንት ነበር? በዚያው ቀን ያንኑ ያደረገው ጐረቤት ምን አገኘ? ደግሞስ ባለሙያው መጨመሩን ያቆመው መቼና ለምን ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የያዘ ጽሑፍ፥ ስለ ዓሣ መኖ የተጻፈ ትንሽ ጽሑፍ ቢሆንም እንኳ፥ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ቦታ ይገባዋል።